ጥፋቱን ለውሻ ያሸከምንበት ወረቀት

ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ ቢሮ ፋይል ላይ የታሰረ አንድ ገጽ ወረቀት አለ። «አደጋው የደረሰው ውሻው የቢስቲማ ዘር በመሆኑ ነው፤ ይህ ዘር በተፈጥሮው ሰው ነካሽ ነው» ይላል። ሐሰት ነው። ውሻውን ነካሽ ያደረገው ሰው ስም አለው፤ እንዴት እንዳደረገውም ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። ወረቀቱ ላይ ግን ያ ሰው «ተጎጂዋን ያሳከመ ባለንብረት» ተብሎ ተመስግኗል። ከሥር ሦስት ሽማግሌዎች ፈርመዋል። አራተኛዋ ፈራሚ እኔ ነኝ።

ከድጃ ይመር እባላለሁ። ደሴና ኮምቦልቻ በእንስሳት ጤና ክሊኒክ ስሠራ ኖሬ ዓምና ጡረታ ወጣሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ እሱንም ልጅ አዝዬ በማታ። ጽሑፌ ቢንጋደድ አንባቢ ይታገሰኝ። ነገሩ ግን አልተንጋደደም።

የቢስቲማ ውሻ የምንለው መጽሐፍ ላይ ያለ ዘር አይደለም። እኔ በተወለድኩበት በወረባቦ፣ በቢስቲማ ከተማ ዙሪያ ባለው ገጠር ከበግ ጋር የሚያድገውን ደረተ ሰፊ ቡላ ውሻ ነው እንዲህ የምንለው። ግልገል ሆዱ ሥር ከተኛ ግልገሉ እስኪነቃ አይነሳም። ሕፃን ጆሮውን ሲጎትተው ፊቱን ያዞራል እንጂ ጥርሱን አያሳይም። ለጅብ ሌላ ነው፤ ለጅብ እኔም ሌላ ነኝ።

ሥራ የገባሁት ባሌ በሞተ በሁለተኛው ዓመት ነው። ደሴ፣ ሆጤ ሰፈር፣ አንዲት ክፍል ቤት ውስጥ ከሦስት ልጅ ጋር ቀርቼ ነበር። ክሊኒኩ ጽዳት ሠራተኛ ይፈልጋል ሲሉኝ ሄድኩ። ደመወዙን ብነግራችሁ ትስቃላችሁ፤ ልለፈው። እኔን ያስጨነቀኝ ውሻ መንካቱ ነበር። እኛ ሙስሊሞች የውሻ ምራቅ ሲነካን ሰባት ጊዜ እንታጠባለን፤ ከሰባቱ አንዱ በአፈር ነው። ጎረቤቶቼ ደግሞ አልማሩኝም።

«ከድጃ፣ ዛሬስ ስንት ውሻ ዳርሽ?» ትለኝ ነበር አንዷ በሯ ላይ ቆማ።

«አራት። አራቱም ካንቺ ባል ይሻላሉ።»

ከዚያ በኋላ ሰላምታ እንጂ ጥያቄ አልነበራትም።

የክሊኒኩ ነባር ባለሙያ አቶ ንጋቱ ይባላሉ። ጾም የማያፈርሱ ክርስቲያን፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። በገባሁ በመጀመሪያው ሳምንት ከአጥሩ ጀርባ ሄጄ አፈር ስጭር አዩኝ። ምንም አላሉም። በሚቀጥለው ሰኞ ቧንቧው አጠገብ በወተት ጣሳ የተነፋ አፈር ተቀምጦ አገኘሁ። በየሰኞው ይቀየራል። ማን እንደሚነፋው ያወቅኩት በወንፊት ሲያጣሩ ስደርስባቸው ነው።

«ጋሼ ንጋቱ፣ እርስዎን ምን አደከመዎት?»

«ጠጠር እጅ ይቧጭራል። የተቧጨረ እጅ ለእብድ ውሻ በሽታ በር ነው» አሉና ማጣራታቸውን ቀጠሉ። ደሴን እስክለቅ ድረስ ያ ጣሳ ባዶ ሆኖ አላየሁትም።

ሥራውን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ውሻ ሲመጣ ምን ሆነ ብለው አይጠይቁም፤ ስሙ ማነው ይላሉ። ባለቤቱ ስሙን ሲጠራ የውሻውን ጆሮ ያያሉ። ጆሮው ወደ ባለቤቱ ከዞረ አንድ ነገር ነው፤ ከተለጠፈ ሌላ ነገር ነው። ቀጥሎ የባለቤቱን እጅ ያያሉ። ገመዱን አሳጥሮ ጠቅልሎ የያዘ ሰው ውሻውን ይፈራዋል ወይም ያስፈራዋል ይሉ ነበር። ከዚያ ጎናቸውን ለውሻው ሰጥተው ቁጢጥ ይላሉ። ፊት ለፊት አይቀርቡም፣ ዓይን አይመለከቱም፣ የእጃቸውን ጀርባ ያስሸትታሉ። አፉን ማሰር ካስፈለገ በሻሽ ነው፤ ቀለበት ሠርተው ከሩቅ አፍንጫው ላይ ያጠልቃሉ፣ ከአገጩ ሥር ያቋርጣሉ፣ ከጆሮው ኋላ ያስራሉ። በመጨረሻ ሁለት ጣታቸውን በማሰሪያው ሥር አስገብተው አንገቱን ዙሪያውን ይዳብሳሉ። ለክትባት ብቻ የመጣውንም ቢሆን ሳይዳብሱ አይለቁም።

ይህ ልማድ ምን እንደሚጠቅም የገባኝ ደሴ ፒያሳ በሚገኝ አንድ ሆቴል ነው። የሆቴሉ ውሻ እንግዳ ላይ አጉረመረመ ተብሎ በመርፌ እንድንገድለው ተጠራን። ባለሆቴሉ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ «ክፉ ዘር ነው፣ እናቱም እንዲሁ ነበረች» ይላል። አቶ ንጋቱ ቁጢጥ ብለው ሩብ ሰዓት ያህል ጠበቁ። ከዚያ ጣታቸውን አንገቱ ላይ አሳረፉና እኔን ጠሩኝ። በጠጉሩ ሥር ሽቦ ነበር። ቡችላ ሳለ የታሰረበት ሽቦ፣ ውሻው ሲያድግ ሥጋው ውጦታል። በማደንዘዣ አስተኝተን ቆርጠን አወጣንለት። ከወር በኋላ ሳልፍ ያው ውሻ በሩ ላይ ተጋድሞ እንግዳ እየተራመደው ያልፍ ነበር።

«ክፉ ዘር አልነበረም እንዴ?» አልኩት ባለሆቴሉን።

«ተለወጠ» አለኝ። ሽቦውን ማን እንዳሰረው ግን አልነገረኝም።

ከዚያ በኋላ መጥረጊያውን ለሌላ ሰጥቼ ረዳት ሆንኩ። ከብት እይዛለሁ፣ መርፌ እቀቅላለሁ፣ መዝገብና ካርድ እሞላለሁ። አለቃ ብዙ አይቻለሁ። አንዱ ማህተሙን ኪሱ ውስጥ ይዞ የሚያድር ነበር። ሌላው ወጣት ዶክተር ነበር፤ በትምህርቱ የሚስተካከለው የለም፣ ግን ውሻ ይፈራል። አንድ ቀን ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ «እማማ ከድጃ፣ እርስዎ ይውጉት፣ እኔ ከዚህ ሆኜ አዝዛለሁ» አለኝ። ወጋሁት። ውሻውን ማለቴ ነው።

ልጆቼ ራሳቸውን ከቻሉ በኋላ ኮምቦልቻ ተዛወርኩ። ደሴ ብርድ ነው፤ ኮምቦልቻ ወበቅ፣ የጭነት መኪና አቧራና መጋዘን ነው። ከጦርነቱና ከዝርፊያው ወራት በኋላ ደግሞ መጋዘን ያለው ሁሉ አንድ ነገር ይፈልግ ጀመር፦ ኃይለኛ ውሻ። ሰዉ የደረሰበትን አውቃለሁ፤ በሩ የተሰበረበት ሰው እንቅልፍ የለውም። ያልተዘረፈ ሰው ሊፈርድበት አይገባም።

ካሳው የሚባል ነጋዴም ከተዘረፉት አንዱ ነው። የእህል መጋዘን አለው። ክሊኒክ መጥቶ «እማማ፣ ለጥበቃ የትኛው ውሻ ይሻላል? እርስዎ ስንቱን አይተዋል» አለኝ። እዚህ ላይ ነው የኔ ጥፋት የሚጀምረው። የአገሬ ኩራት ያዘኝ። ዝም ብል ምን ነበረበት? «የኛ አገር ውሻ ካለ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት። ይህ አልበቃኝም። ለዘመዶቼ ደውዬ፣ በእረፍት ቀኔ ቢስቲማ ሄጄ፣ ከአንዲት ዘመዴ ቤት ሁለት ወር የሞላው ቡችላ መርጬ፣ በሚኒባስ ጭኜ ላይ አድርጌ አመጣሁለት። ሐይቅ ከተማን ሳናልፍ ቀሚሴ ላይ ሸናብኝ። ተሳፋሪው ሁሉ ሳቀ። ስሙን ሸጋው አልኩት። ግራ እግሩ ላይ አንድ ነጭ ጣት ነበረው።

ዓመት ካለፈ በኋላ ለክትባት ወደ ካሳው ግቢ ሄድን፤ ኃላፊዬና እኔ። ከበሩ ውጪ ዘሀራ ሻይ ትሸጣለች። ወጣት ናት፤ ባሏ ሙሄ ባጃጅ ይነዳል። በዚያ ባለፍኩ ቁጥር ሻይ የምጠጣው እሷ ጋ ነው። ያን ቀንም ጠጥቼ ገባሁ።

ውሻው ግቢው ጥግ ባለ አሮጌ ኮንቴነር ውስጥ ነበር። ካሳው በሩን ሲከፍት መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ቀጥሎ ሰንሰለቱ ሲጎተት ሰማን። ጆሮዎቹ ከሥራቸው ተቆርጠዋል። ከጨለማው ወጥቶ ሰንሰለቱ ጎትቶ እስኪጥለው ድረስ ዘለለብን። ኃላፊዬ ወደ ኋላ ሄደ። እኔ ጎኔን ሰጥቼ ቁጢጥ አልኩ።

«ስሙ ማነው?»

«አይምሬ» አለ ካሳው። ኩራቱ ድምፁ ላይ ነበር። «ቡችላ ሳለ ጀምሮ ጨለማ ውስጥ ነው ያሳደግኩት። ሰው አላየም። ሥጋውን በበርበሬ ነው የምሰጠው። ደግሞ ዘዴ አለኝ፤ ካፖርት ለብሼ፣ ፊቴን ሸፍኜ እገባና በዱላ እገርፈዋለሁ። እወጣና ካፖርቱን አውልቄ ተመልሼ አበላዋለሁ። አሁን ካፖርት የለበሰ ሁሉ ጠላቱ ነው። ሌባ ያለ ካፖርት አይመጣም።»

«ዘበኛህስ በብርድ ምን ይለብሳል?»

«ብርድ ልብስ» አለና ሳቀ።

የውሻውን ግራ እግር አየሁ። ነጩ ጣት አለ።

«ሸጋው» አልኩት ቀስ ብዬ።

መጮሁን አቆመ። ወደ ስሙ የሚዞር ጆሮ አልነበረውም፤ ጭንቅላቱን ግን አዘነበለ። ሻሹን አጥልቄ አፉን አሰርኩ፣ ወጋሁት፣ ሁለት ጣቴን በሰንሰለቱ ሥር ሰደድኩ። እጄ እርጥብ ሆኖ ወጣ። አንገቱ ዙሪያውን ቆስሎ መግል ይዟል።

«ይሄ ሰንሰለት ዛሬ ካልወለቀ፣ ይሄ ውሻ ከጨለማ ካልወጣ፣ ሰው ይበላል» አልኩት ካሳውን።

«እማማ፣ ለዚያ ነው ያሳደግኩት» አለኝ።

ኃላፊዬ ክንዴን ያዘ። «እማማ ከድጃ፣ እኛ የመጣነው ለክትባት ነው። ሃያ ግቢ ይቀረናል።» ካርዱን ሰጠኝ። ካርዱ ላይ «አጠቃላይ ሁኔታ» የሚል ክፍት ቦታ አለ። አቶ ንጋቱ ቢሆኑ ምን ይጽፉ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ «ጤነኛ» ብዬ ጻፍኩ። ሃያ ግቢ ይቀረን ነበር፤ ኃላፊዬ ቆሞ ይጠብቃል፤ ውሻውን ያመጣሁት ደግሞ እኔ ነኝ፣ አፍሬአለሁ። ምክንያት ከተጠየቅሁ ምክንያቴ ይኼው ነው። ከግቢው ስወጣ ዘሀራ «እማማ፣ አንድ ይድገሙ እንጂ» ብላኝ እጄን አወዛውዤላት አለፍኩ።

ክረምት ገባ። አንድ ቀን ጠዋት ዝናቡ ሲብስ ዘሀራ የባሏን ካፖርት ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ሥራዋን ከፈተች። ዘበኛው ለጭነት መኪና የግቢውን በር ሲከፍት ውሻው የታሰረበትን ቀለበት ነቅሎ ሰንሰለቱን እየጎተተ ከኮንቴነሩ ወጣ። ውሻው ዘበኛውን አልፎ፣ ሹፌሩን አልፎ፣ ቀጥ ብሎ እሷ ላይ ነው የወጣው። ግራ ክንዷን ከክርኗ በታች ያዘ። ሦስት ሰው በአካፋ እየመታው አልለቀቀም። የለቀቀው ካፖርቱ ተገፎ ሲወድቅ ነው፤ ከዚያ ካፖርቱን ይዞ ወደ ግቢው ተመለሰ።

ክሊኒካችን ቅርብ ስለሆነ መጀመሪያ የደረስኩት እኔ ነኝ። ክንዷን ቧንቧ ሥር አድርጌ በሳሙና ሩብ ሰዓት አጠብኩ፤ አጥንቷ እየታየኝ። «እማማ፣ ምን አደረግኩት?» ትለኝ ነበር። «ምንም አላደረግሽው» አልኳት። እውነት ነው። ግን እውነቱ ሙሉ አልነበረም። ደሴ ወስደው አከሟት። ሁለቱ ጣቶቿ ዛሬም አይታጠፉም።

ሰው የነከሰ ውሻ አሥር ቀን ታስሮ ይታያል፤ እብድ ከሆነ በዚያ ውስጥ ይለያል። ያን አሥር ቀን የጠበቅሁት እኔ ነኝ። ሰንሰለቱን አውልቄ አንገቱን በጨው ውኃ አጠብኩ፣ ያለ በርበሬ አበላሁት። በስድስተኛው ቀን ስሙን ስጠራ ጅራቱ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ። በአሥረኛው ቀን እብደት እንደሌለበት ተረጋገጠ፤ እንዲገደልም ታዘዘ። እግሩን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ሰባት ጊዜ ታጠብኩ።

በዚያው ሳምንት ሙሄ ወገቡ ላይ ጩቤ ታጥቆ የካሳው በር ላይ ቆሞ ዋለ። የካሳው ወንድሞችም ባዶ እጃቸውን አልነበሩም። ሽማግሌዎች ሁለቱን ወገን ሼህ አሊ ቤት ሰበሰቡ። ሼህ አሊ በሰፈሩ የሚደመጡ ትልቅ ሰው ናቸው። እኔንም ስለ ውሻ ታውቃለች ተብዬ ተጠራሁ። ወደ ውስጥ ከመግባታችን በፊት ሼህ አሊ ወደ ጓሮ ወሰዱኝ።

«ከድጃ፣ ውሻው በዘሩ ክፉ ነው ትያለሽ።»

«አይደለም እኮ ሼሁ። ካሳው ነው ያከፋው።»

«አውቃለሁ። ሰው ጥፋተኛ ከሆነ ደም ይመጣል። ጥፋተኛው ውሻ ከሆነ ግን ማንም ማንንም አይበቀልም። ካሳው ያሳክማል፣ ሙሄ ጩቤውን ያስቀምጣል፣ ያ ውሻ እንደሁ ሞቷል።»

«ሀቁስ?»

«ሀቁ ይቆያል። የሙሄ እጅ ግን አይቆይም።»

ገባሁ። ሙሄ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል፣ አልቀመጥም ብሎ። ካሳው መሬት መሬት ያያል። ዘሀራ አልነበረችም፤ ሆስፒታል ናት። «ዘሩ ነው» አልኩ። ሁለት ቃል። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ሲለቅ ሰማሁት። ሙሄ ጩቤውን ከወገቡ ፈታ፣ ካሳውም ዝቅ ብሎ የሙሄን ጉልበት ሳመ። ዱዓ ተደረገ፣ ወረቀቱ ተጻፈ፣ ፈረምኩ። ያን ቀን ሰው እንዳልሞተ አውቃለሁ። ይህንንም ለመመዝገብ እወዳለሁ፤ ሽማግሌዎቹ ክፉ አልሠሩም።

ወረቀቱ ግን ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ተገለበጠ። በቀጣዩ ዓመት አንድ ማስታወቂያ ተለጠፈ፦ የቢስቲማ ዘር ውሻ በከተማው ማኖር ክልክል ነው፣ የተገኘም ይወገዳል። ምክንያቱ ሲጠየቅ «ባለሙያ የፈረመችበት ማስረጃ አለ» ይባላል። ባለሙያዋ እኔ ነኝ። በየሰፈሩ መርዝ የተቀባ ሥጋ ተጣለ። ቡላ ሆኖ ደረቱ የሰፋ ውሻ ሁሉ ሞተ፤ ጥርስ የሌለው ሽማግሌ ውሻ ሳይቀር። ቡችላውን የሰጠችኝ ዘመዴ ደወለች። «ከድጃ፣ ቢስቲማ ገበያ ውሻችን ተከትሎን ቢመጣ በድንጋይ ጨረሱት። ሰው በላ ዘር ነው ይላሉ። ማነው ያለው?» አለችኝ። ስልኩን ዘጋሁባት። በሕይወቴ ስልክ የዘጋሁበት ሰው እሷ ብቻ ናት።

ጡረታ ስወጣ ጋቢና የግድግዳ ሰዓት ሰጡኝ፣ ስለ ታማኝነቴ ተናገሩ። በማግስቱ ደሴ ወጥቼ አቶ ንጋቱን ጠየቅኳቸው። አርጅተዋል፣ ዓይናቸው ደክሟል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

«አንገቱን አይተሽ ነበር?»

«አይቻለሁ።»

«የት ተጻፈ?»

«አልተጻፈም። ጤነኛ ብያለሁ።»

ሊያጽናኑኝ አልሞከሩም፤ እኔም ለዚያ አልሄድኩም። «እንግዲያው ካሳው ብቻ አይደለም የዋሸው» አሉኝ።

ካሳው ጋ ሄድኩ። ግቢው ሲከፈት ከዚያው ኮንቴነር ሰንሰለት ሲጎተት ሰማሁ። አንድ አይደለም።

«አሁን ደግሞ ምን አስገባህ?»

«የጀርመን ውሻ ነው። ሦስት። የእናንተ አገሩ እንኳ ዘሩ ተንኮለኛ ሆነ። ጀርመን ግን የሚሉትን ይሰማል።»

«በካፖርት ነው የምታሰለጥናቸው?»

«አሁን በጃኬት።» አልሳቀም፤ የእውነቱን ነው። «ዘበኞቹ ካፖርት ስለሚለብሱ።»

«ካሳው፣ እነዚህም ሰው ሲይዙ ጀርመን ክፉ ዘር ነው ልትል ነው።»

«እማማ፣ እርስዎ አይደሉ እንዴ የፈረሙት?» አለኝ። ስድብ አልነበረም። ጠየቀኝ። ከግቢው ወጣሁ።

ወረቀቱ ወዳለበት ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ወጣት ነው፣ ተነስቶ ወንበር ሰጠኝ። ፊርማዬን ላነሳ መጥቻለሁ አልኩት። ፋይሉን አስመጥቶ አነበበው። «እናቴ፣ ይሄ የእርቅ ወረቀት ነው። እርቁ የተጎጂዋ ነው። እሷ ተስማምታ አዲስ ቃል ከተሰጠና ከፈረመችበት፣ ስለ ዘሩ የሚለው ይወጣል፤ ማስታወቂያውም የሚቆምበት መሠረት የለውም። ባለቤቱም በስሙ ይጠየቃል። ካልፈረመች ግን አልነካውም» አለኝ። ሼህ አሊም ተመሳሳይ ነው ያሉኝ፦ «ዱዓ የተደረገበትን እኔም አንቺም አንከፍተውም። መክፈት የምትችለው የተነከሰችው ናት።»

ዘሀራ አሁን የምትሸጠው አውቶቡስ ተራ አጠገብ ነው። ወደ እሷ የሚወስደውን መንገድ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተመልሻለሁ። በሦስተኛው ደረስኩ። በቀኝ እጇ ብርጭቆ ታጥባለች፤ በግራው ደገፍ ታደርጋለች። ስታየኝ ፊቷ በራ። ያንን ነው ያልቻልኩት።

«እማማ ከድጃ። አብሽሩ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ልንገርሽ» አልኳት። ነገርኳት። ቡችላውን ማን እንዳመጣው፣ ኮንቴነሩን፣ በርበሬውን፣ አንገቱን፣ ካርዱ ላይ ምን እንደጻፍኩ። ካፖርቱን መጨረሻ ላይ አደረግኩት። ሰው የሚከብደውን መጨረሻ ላይ ያደርጋል።

ብርጭቆውን አስቀመጠች።

«ካፖርቱን ያውቁ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

«ያን ቀን እኔ ጋ ሻይ ጠጥተው ገቡ። ሲወጡም አይተውኛል።»

«አይቼሻለሁ።»

አንድ ሹፌር ሻይ ጠየቀ። ቀዳችለት፣ ስኳር ጨመረች፣ አማሰለች። ሰውየው ጠጥቶ ሄደ።

«እኔ እኮ ከአጥሩ በኩል በኮንቴነሩ ቀዳዳ ዳቦ እወረውርለት ነበር» አለች። «በየቀኑ። ድምፄን ያውቃል እያልኩ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምን አድርጌው ነው እላለሁ። ሙሄም ምን አድርገሽው ነው ይለኛል። እናቴ ሳይቀር ዓይን ነው፣ ሰው ቢመቀኝሽ ነው ትላለች። ማንም ካፖርቱ ነው አላለኝም።»

«ሙሄ ቢሰማ ተመልሶ ይታጠቃል ብዬ ፈራሁ።»

«የሙሄን ነገር ለኔ ይተዉት። ሙሄ የኔ ባል ነው። እርስዎ የፈሩት እሱን ብቻ ነው?»

«አይደለም።»

የማይታጠፉትን ሁለት ጣቶቿን በቀኝ እጇ ያዘቻቸው። ይቅር በይኝ ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት። እሱን ከጠየቅሁ ሌላውን መጠየቅ አልችልም።

«ዘሀራ፣ ወረቀቱ ይስተካከል ወይስ ይቅር? አንቺ ካልሽ ይቀራል። እኔም ሁለተኛ አልመጣም።»

ጣቶቿን ለቃ ብርጭቆዎቹን ደረደረች። ከዚያ ወደኔ ዞረች።

«ይጻፉት፣ እፈርማለሁ» አለችኝ። «የካሳው ስም ይግባ። ከሱ ስም ሥር የእርስዎ ስም ይግባ። የውሻውን ዘር ያውጡት።»